ጥፋቱ የብሉቱዙ ነው ወይስ የአገጣጠሙ? «ብሉቱዝ ያለው ሬዲዮ አትግዙ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «ብሉቱዝ ያለው የመገናኛ ሬዲዮ አትግዙ» የሚል ጽሑፍ ከደሴ እስከ ወልድያ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። የተጻፈው ለሆቴልና ለፋብሪካ ጥበቃዎች፣ ለግንባታ ቦታ ኃላፊዎችና በበዓል ሰሞን ሕዝብ ለሚያስተናግዱ አስተባባሪዎች ነው። ጸሐፊው ለሰው ገንዘብ አስበው እንደጻፉት ያስታውቃል፤ ከሚሉትም ውስጥ ልክ የሆነ አለ። ድምዳሜያቸው ግን ስሕተት ነው። እሳቸውን አምኖ ብሉቱዙን የተወ ሰው ያማረረው ችግር አብሮት ይቀራል፤ ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነውና።

ጽሑፉ የሚለውን ሳላጎድል ላስቀምጥ። ብሉቱዝ የሚደርሰው አሥር ሜትር ስለሆነ የሬዲዮውን ርቀት ያሳጥራል። የንግግርን የመጀመሪያ ቃል ይቆርጣል፤ በአደጋ ጊዜ ይህ ነፍስ ያስከፍላል። ባትሪን በግማሽ ይበላል። ለሬዲዮ ተብሎ የሚሸጠው ማዳመጫ የነጋዴ ማታለያ ነው፤ የግድ ከሆነ የስልክ ኢርፎን ይበቃል። በአጠገብ የሚያልፍ ሁሉ ንግግሩን ሊጠልፈው ይችላል። ስለዚህም ሽቦ ያለው ማዳመጫ ለማንኛውም ሥራ በቂ ነው። ስድስቱንም በየተራ እመልሳለሁ።

ከርቀቱ ልጀምር። እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ሞገዶች ተደበላልቀዋል። የእጅ ሬዲዮ ከሌላው ሬዲዮ ጋር የሚነጋገረው በቪኤችኤፍ ከ136 እስከ 174 ሜጋ ኸርዝ፣ ወይም በዩኤችኤፍ ከ400 ሜጋ ኸርዝ በላይ፣ በ4 ወይም በ5 ዋት ጉልበት ነው። ብሉቱዝ የሚሠራው ደግሞ በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ሲሆን በብዙዎቹ ማዳመጫዎች ጉልበቱ 2.5 ሚሊ ዋት ገደማ ነው። 5 ዋት የሚያወጣ ሬዲዮ ሁለት ሺህ እጥፍ ይበልጠዋል ማለት ነው። የብሉቱዙ ሥራ ከወገብ እስከ ጆሮ ያለችውን አንድ ሜትር መሻገር ብቻ ነው። የሚተካው ሽቦውን ስለሆነ አንቴናውን የሚነካበት ምክንያት የለም። የማዳመጫው ሽቦ አንድ ሜትር ስለሆነ ሬዲዮው የሚደርሰው አንድ ሜትር ነው ብሎ የሚከራከር ሰው የለም፤ ክርክሩ ግን ያው ነው።

በማስረጃነት የቀረበው ደሴ ላይ ሆኖ ኮምቦልቻን ማግኘት ያቃተው ሬዲዮ ነው። ሁለቱ ከተሞች በቀጥታ መስመር ሲለኩ ከ15 ኪሎ ሜትር አይራራቁም። ዳሩ ግን ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ኮምቦልቻ ደግሞ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ ከሐረጎ በታች ነው ያለችው። በእነዚህ ሞገዶች የሚሠራ ሬዲዮ አጥብቆ የሚፈልገው በሁለቱ አንቴናዎች መካከል ተራራ እንዳይገባ ነው። ለጥ ባለ ሜዳ እንኳ ሁለት ሰዎች ሬዲዮውን ደረታቸው ላይ ይዘው ቢቆሙ፣ የምድር ክብነት የሚፈቅድላቸው አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከፒያሳ ቆሞ ኮምቦልቻን ያጣ ሬዲዮ ብሉቱዙ ተነቅሎ በሽቦ ቢሠራም ያጣዋል። የሚያስፈልገው ከፍታ ላይ የተተከለ ሪፒተር፣ ማለትም ድምፁን ተቀብሎ መልሶ የሚያሰራጭ ጣቢያ፣ ነው። ተራራውን ትቶ ብሉቱዙን መክሰስ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መደብደብ ነው።

ይሁንና ጸሐፊው የታዘቡት ነገር ከባዶ የመነጨ አይደለም። ብሉቱዝ ከተገጠመ በኋላ «ድምፁ ራቀ» የሚባልበት እውነተኛ ምክንያት አለ፤ እሱም የማይክራፎኑ ልክ ነው። ሬዲዮው ላይ የሚሰካው የብሉቱዝ መቀበያ ወደ ሬዲዮው የሚልከው ድምፅ ከሚገባው በታች ደካማ ከሆነ፣ በሌላው ጫፍ ያለው ሰው የሚሰማው ሹክሹክታ ነው። ከሚገባው በላይ ጠንካራ ከሆነ ደግሞ ድምፁ ይሰነጠቃል። ሁለቱም ለሰሚው የርቀት ችግር ይመስሉታል። መለየቱ ቀላል ነው፦ አንድ ቦታ ቆመው፣ በዚያው ባትሪና በዚያው አንቴና፣ መጀመሪያ በሬዲዮው በራሱ ማይክራፎን፣ ቀጥሎ በብሉቱዙ ይናገሩ። የራቀ ወይም የተጋረደ ሬዲዮ ከንግግሩ ኋላ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ያመጣል፤ ዝም ሲሉም ሽሽታው አይጠፋም። የማይክራፎን ልክ ሲጎድል ግን በንግግሩ መሃል ዝም ሲሉ ጸጥ ይላል፣ ሲናገሩ ደግሞ ድምፁ ያንሳል። ይህኛው የሚታረመው መቀበያው ላይ የማይክራፎን ማስተካከያ ካለ በእሱ፣ ከሌለም መቀበያውን በመቀየር ነው። ከዚያ በፊት ግን አንዱ ሬዲዮ በጠባብ፣ ሌላው በሰፊ ቻናል ተሞልቶ እንዳይሆን ይታይ፤ አለመመሳሰላቸውም ያንኑ ችግር ያመጣልና። በየሱቁ በሚገኘው ባኦፌንግ ዩቪ-5አር ይህ ሜኑ 5 ላይ ነው፤ ሁሉም ሬዲዮ አንድ ዓይነት መሆን አለበት።

ሁለተኛው ክስ፣ የመጀመሪያው ቃል መቆረጥ፣ ከሁሉ የከበደ ስለሆነ በደንብ ላየው እፈልጋለሁ። መቆረጡ እውነት ነው። «በር ሁለት ላይ እሳት አለ» የተባለው «ሁለት ላይ እሳት አለ» ሆኖ ከደረሰ ሰው ወደ ሌላ ቦታ ሊሮጥ ይችላል። ነገር ግን ቃሉን የሚበሉት ቢያንስ አራት ነገሮች ናቸው፤ ብሉቱዙ ከእነሱ አንዱ ብቻ ነው፣ እሱም ሁልጊዜ አይደለም።

ትልቁ ጥፋተኛ ቮክስ ነው። ቮክስ ማለት ሬዲዮው ድምፅ ሲሰማ ያለ ቁልፍ ራሱ ማስተላለፍ የሚጀምርበት አሠራር ነው። ርካሽ የብሉቱዝ መቀበያዎች ውስጥ ብዙዎቹ የመናገሪያ ቁልፍ ስለሌላቸው በቮክስ ላይ ይንጠለጠላሉ። የመጀመሪያው ፊደል ሬዲዮውን ለመቀስቀስ ይውላል፤ የሚተላለፈው ከሁለተኛው ጀምሮ ያለው ነው። በሽቦ ማዳመጫ ቮክስ ቢበራም ያው ይሆናል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ጫጫታ ባለበት የሚሆነው ነው። መስከረም 21 ግሸን ላይ፣ ወይም ታኅሣሥ 29 ላሊበላ ላይ፣ ከበሮው፣ ጭብጨባውና የድምፅ ማጉያው ቮክስን ያለማቋረጥ ይቀሰቅሱታል። አንድ ሰው ላይ የተከፈተ ቮክስ ቻናሉን በሞላ ይዘጋል፤ የጠፋ ሕፃን የሚፈልጉት አስተባባሪዎችም መነጋገር ያቅታቸዋል። ዩቪ-5አር ላይ ቮክስ ሜኑ 4 ነው፤ ይዘጋ። ሜኑ 9 ላይ ያለው የጊዜ ገደብም 60 ሰከንድ ላይ ይቀመጥ፤ ቁልፉ ተጭኖ የቀረ ሬዲዮ ራሱን እንዲያቋርጥ።

ሁለተኛው በላተኛ የብሉቱዙ የድምፅ መስመር አከፋፈት ነው። ባትሪ ለመቆጠብ ሲባል ማዳመጫው ዝም በሚባልበት ጊዜ የድምፅ መስመሩን ዘግቶ ይቆያል፤ ቁልፉ ሲጫን ነው የሚከፍተው። መክፈቱ ደግሞ የሰከንድ ክፍልፋይ ይወስዳል። በዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ለሥራ ተብለው የተሠሩ ሬዲዮዎች፣ ለምሳሌ ብሉቱዝ በውስጣቸው ያለው የሞቶሮላ ዲፒ4801 ዓይነቶች፣ ለዚሁ ሬዲዮ ከተሠራ ማዳመጫ ጋር ሲሆኑ ይህን መዘግየት እንዲያሳጥሩ ተደርገው የተዘጋጁ ናቸው። የስልክ ኢርፎን ግን ስልክ እስኪነሳ ሦስት ጊዜ በሚጮህበት ዓለም የተሠራ ስለሆነ ግማሽ ሰከንድ አያስጨንቀውም።

ሦስተኛውና አራተኛው ከብሉቱዝ ጋር ምንም ዝምድና የላቸውም፤ ያሉትም በሰሚው ሬዲዮ ላይ ነው። ባትሪ ቆጣቢው፣ ማለትም ሜኑ 3፣ ሲበራ ተቀባዩ ሬዲዮ እየተኛ እየነቃ ነው የሚጠብቀው፤ ተኝቶ ሳለ የመጣ ቃል ያመልጠዋል። ሲቲሲኤስኤስ የሚባለው የቻናል ቃና፣ ማለትም ከንግግሩ ሥር አብሮ የሚላክ መለያ ድምፅ፣ ከተሞላ ደግሞ ሬዲዮው ቃናውን ለይቶ ድምፅ ማጉያውን እስኪከፍት ሩብ ሰከንድ ያህል ሊፈጅበት ይችላል፤ እንደ 67 ኸርዝ ያለ ዝቅተኛ ቃና ሲሆን ይበልጥ ይዘገያል።

ስለዚህ ጥፋተኛውን በአንዴ አንድ ነገር እየቀየሩ ይፈልጉት። ቁልፉን ተጭነው ወዲያው ከአንድ እስከ አምስት ይቁጠሩ፤ ሰሚው ከስንት እንደሰማ ይናገር። መጀመሪያ በሬዲዮው ማይክራፎን፣ ባትሪ ቆጣቢው እንደበራ። ከዚያ የሰሚው ባትሪ ቆጣቢ ጠፍቶ። ከዚያ በብሉቱዝ፣ በቁልፍ። መጨረሻ ላይ በብሉቱዝ፣ በቮክስ። በመጀመሪያው ሙከራ «አንድ» ከጠፋ ብሉቱዝ ገና አልገባበትም። የመጨረሻው ብቻ ከቆረጠ ጥፋቱ የቮክስ ነው። ሦስተኛው ላይ ከተቆረጠ ብቻ ነው የጸሐፊው ክስ የሚጸናው፤ ያኔም ማዳመጫው ወይም መቀበያው ይቀየራል። በየትኛውም ዕቃ ቢሆን ቁልፉን ከተጫኑ በኋላ ግማሽ ሰከንድ ቆይቶ መናገርና የሚጠራውን ሁለት ጊዜ መጥራት፣ «በር ሁለት፣ በር ሁለት» ማለት፣ ከማንኛውም መሣሪያ በላይ ያድናል።

ከዚህ የሚከተለው ለገዢ ዋናው ነጥብ ነው። ብሉቱዝ አለው ወይ ብሎ ከመጠየቅ በፊት የመናገሪያ ቁልፉ የት ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል። ቁልፉ ሬዲዮው ላይ ከሆነና ብሉቱዙ ተገናኝቶ ሳለም የሚሠራ ከሆነ ጥሩ። ደረት ላይ ወይም ጣት ላይ የሚታሰር ትንሽ የገመድ አልባ ቁልፍ ካለውም ጥሩ፤ እነዚህ ብዙውን ጊዜ እንደ ሲአር 2032 ባለ ክብ ባትሪ ይሠራሉ፣ መለዋወጫ መያዝ ነው። ቁልፍ ጨርሶ ከሌለው ግን ጸሐፊው እንዳሉት አይገዛ።

ባትሪ በግማሽ ይበላል ለሚለው ስሌቱን እንሥራ። 1,800 ሚሊ አምፔር ሰዓት ባትሪ ያለው ሬዲዮ 12 ሰዓት ተረኛ ነው እንበል፤ ከጊዜው መቶኛ 5ቱን ይናገራል፣ 5ቱን ይሰማል፣ ቀሪውን ዝም ብሎ ይጠብቃል። በ5 ዋት ሲናገር 1.4 አምፔር ገደማ ይስባል፤ 36 ደቂቃ ንግግር ብቻውን 840 ይወስዳል። ብሉቱዙ የድምፅ መስመሩን 12 ሰዓት ሙሉ ሳይዘጋ 20 ሚሊ አምፔር እየሳበ ቢቆይ እንኳ 240 ነው፤ ከባትሪው 13 በመቶ። መስመሩ በሚዘጋበት ጊዜ ደግሞ ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ለባትሪ የሚጨነቅ ሰው ቅርብ ለቅርብ ሲሠራ ኃይሉን ወደ ዝቅተኛው ቢያወርድ ብሉቱዙን አጥፍቶ ከሚያተርፈው ይበልጣል። በሚሰካ መቀበያ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ መቀበያው የራሱ ባትሪ ስላለው ከሬዲዮው ምንም አይነካም። የሚያልቀው የማዳመጫው ባትሪ ነው፤ ጽሑፉ ማንሳት የነበረበት ይህን ነበር። ትንንሾቹ ማዳመጫዎች ያለማቋረጥ ሲነጋገሩባቸው ከአራት ወይም ከአምስት ሰዓት በኋላ ይዝላሉ፤ 12 ሰዓት ተረኛ ለሆነ ሰው አይበቁም። ሁለት ማዳመጫ በየተራ ቻርጅ እያደረጉ መጠቀም፣ ባለ ሽቦውንም ኪስ ውስጥ መያዝ ያስፈልጋል።

የስልክ ኢርፎን ይበቃል የሚለው ምክር ከጽሑፉ ሁሉ የሚጎዳው ነው፤ ገንዘብ ለማዳን ተብሎ የተሰጠ ቢሆንም። ኢርፎን ከሬዲዮ ጋር ሊገናኝ ይችላል፤ ዘፈን የሚያጫውትበት መስመር ግን አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ ለንግግር አይሆንም፤ የስልክ ጥሪ መስመሩ ነው የሚያስፈልገው። ሁለቱ ወገኖች በዚህ ካልተግባቡ ድምፅ ይሰማል፣ ማይክራፎኑ ግን አይሠራም። ቁልፉም ስልክ ለማንሳትና ለመዝጋት የተሠራ ነው፤ ተጭኖ መያዝን አያውቅም፤ አንዴ ነክተው ይከፍቱታል፣ እንደገና ነክተው ይዘጉታል። መዝጋቱን የረሳ ሰው ቻናሉን ይዞ ይቀራል። በመንካት የሚሠሩትን ደግሞ ጆሮ ላይ የተጠመጠመ ነጠላ ወይም ሻሽ ይነካቸዋል። ከስልክም ከሬዲዮም ጋር አብሮ የተገናኘ ኢርፎን ስልክ ሲደወል ወደ ስልኩ ይዞራል፤ ጥበቃው ሬዲዮው ዝም ማለቱን ጸጥታ አድርጎ ይቆጥረዋል። በመጨረሻም ጆሮን የሚደፍን ኢርፎን በር ለሚጠብቅ ሰው አይሆንም፤ ጥበቃ ከኋላው የሚመጣን እግር መስማት አለበት። አንድ ጆሮ ላይ የሚንጠለጠል፣ ቀዳዳውን የማይዘጋ ማዳመጫ ይመረጣል።

ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሳው አንድ ነገር አለ፤ «ብሉቱዙ ይቆራረጣል» ለሚሉትም መልሱ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። 2.4 ጊጋ ኸርዝ የሰው ሰውነት ውስጥ ባለው ውኃ ይዋጣል። ሬዲዮው በግራ ወገብ፣ ማዳመጫው በቀኝ ጆሮ ከሆነ ሞገዱ ሰውነትን አቋርጦ ነው የሚሄደው። ግቢ ውስጥ የሚያንጸባርቅለት ግድግዳ ስላለ ይሠራል፤ ሜዳ ላይ ሲወጡ ይቆራረጣል። ሬዲዮውና ማዳመጫው በአንድ ጎን ይሁኑ። የሬዲዮውን አንቴናም ከሚሰካው መቀበያ ጋር አያጣብቁት፤ 5 ዋት በቅርብ ሲለቀቅበት ርካሹ መቀበያ ያጉረመርማል ወይም ግንኙነቱን ይጥላል።

ስለ ጠለፋው አጭር ነኝ። ብሉቱዝ እንከን የለውም አልልም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ተመራማሪዎች የምስጢር ቁልፉን በጣም አጭር እንዲሆን ማስገደድ እንደሚቻል አሳይተዋል፤ አምራቾችም ማስተካከያ ማውጣት ነበረባቸው። ስለዚህ ማዳመጫውን ከሬዲዮው ጋር የማጣመሩን ሥራ በር ላይ ሳይሆን ቢሮ ውስጥ መሥራት፣ ሠራተኛ ሲለቅም የድሮውን ማጣመር መሰረዝ ተገቢ ነው። ነገር ግን ያንን ለመጥለፍ የሚፈልግ ሰው ልዩ መሣሪያና እውቀት ይዞ በሜትሮች ርቀት መቆም አለበት። ያው ንግግር ከሬዲዮው አንቴና ሲወጣ በተራ አናሎግ ኤፍኤም ነው፤ ፍሪኩዌንሲውን ያገኘ ማንም ሰው በርካሽ ሬዲዮ ከኪሎ ሜትሮች ርቀት፣ ሳይታወቅ ያዳምጠዋል። ሻጮች «የምስጢር ኮድ» የሚሉት ሲቲሲኤስኤስ የሌላውን ድምፅ እንዳይሰሙ ያደርግዎታል እንጂ ሌላው እርስዎን እንዳይሰማ አይከለክልም። ምስጢር የሚያስፈልገው ድርጅት የሚነጋገረው ምስጢራዊነት ስላለው ዲጂታል ሬዲዮ መሆን አለበት። ለሬዲዮ አጠቃቀም ፈቃድ ያስፈልጋል የሚለው የጸሐፊው ማሳሰቢያም ልክ ነው፤ ፍሪኩዌንሲውን የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ሬዲዮው ብሉቱዝ ስላለው ወይም ስለሌለው ይህ አይቀየርም።

ሽቦ ለሁሉም ይበቃል የሚለው ቀረ። ኮምቦልቻ ውስጥ ካሉት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በአንዱ የሽመና ክፍል የሚሠራ ቴክኒሻን ያስቡ። አጠገቡ የሚሽከረከር ዘንግና የሚወረወር ክር አለ፤ ጆሮው ላይ የጫጫታ መከላከያ አድርጓል። ከጆሮው እስከ ወገቡ የተንጠለጠለ ሽቦ በዚያ ቦታ መሣሪያ የሚይዘው ነገር ነው። ለእሱ ብሉቱዝ ያለው የጆሮ መከላከያና ጓንት እንዳደረገ የሚጫነው ትልቅ ቁልፍ የደኅንነት ዕቃ ነው። በደረቅ ወደቡ ከባድ መኪና ወደ ኋላ የሚያስገባ ምልክት ሰጪም፣ መሰላል ላይ የሚወጣ ኤሌክትሪሺያንም እንዲሁ። ሽቦ ደግሞ መሰኪያው ሥር ነው ቶሎ የሚበጠሰው፤ ብዙ የሚያጎነብስና የሚወጣ የሚወርድ ሰው ቶሎ ቶሎ ይቀይረዋል።

በር ላይ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መዝገብ ለሚሞላ ጥበቃ ግን ጸሐፊው ትክክል ናቸው። ለእሱ ባለ ሽቦ ማዳመጫ ይግዙለት፤ በሚተርፈው ገንዘብ ሁለተኛ የሬዲዮ ባትሪ ይጨመርለት።